ማንበብ ያላስተማርኳት ልጅ

መጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ መጽሐፍ መሸፈን ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ባለቤቴ ከድር ከሱቁ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶች አምጥቶ፣ አራግፎ፣ ንጹሑን ቡናማ ወረቀት መሬት ላይ ዘረጋው። እሱ በመቀስ ይቆርጣል፣ እኔ በዱቄት ሙጫ እለጥፋለሁ። የትምህርት ተርም በተከፈተ ቁጥር እንዲህ እናደርግ ነበር። ክፍሌ ውስጥ ያሉት ልጆች ከሰባ ይበልጣሉ፤ የንባብ መጽሐፎቹ ሃያ አይሞሉም። ካልተሸፈኑ ተርሙን አይጨርሱም። ማዕዘኑን በማጠፍ ከድር ይበልጠኛል። ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ሲጠቀልል የኖረ እጅ ነው።

«ያቺ አንባቢሽ ትናንት ሱቅ መጥታ ነበር፤» አለኝ፣ ከመቀሱ ቀና ሳይል።

«ዳኪ?»

«እሷ። ክብሪት ልትገዛ። እጄን ዘይት ነክቶት ስለነበር፣ ከተደረደረው ካርቶን ክብሪት የሚለውን ሳቢልኝ አልኳት። ካርቶኖቹ ላይ ሥዕል የለም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። ዞረች፣ ዞረችና ‹አባባ፣ ይክፈቱልኝና ልየው› አለችኝ።»

«አፍራ ይሆናላ።»

«አላፈረችም። ማንበብ አልቻለችም። መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል በእጅሽ ሸፍነሽ አስነብበሻት ታውቂያለሽ?»

ዳኪ በሦስተኛ ክፍል ካሉት ልጆች የምኮራባት ነበረች። የካውንቲው አስተዳደር እንግዶች በላከብን ቀን ፊት ለፊት አቁሜ ያስነበብኳት እሷን ነው። ጭብጨባው ለእሷ ቢሆንም የወሰድኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ባለቤቴን እንዲህ አልኩት፦ «ከአራተኛ ክፍል ወጥተህ አንተ ልታስተምረኝ ነው? ካርቶንህን ደርድር፤ ክፍሉን ለእኔ ተወው።»

ከድር መቀሱን አስቀመጠ፣ መልሶ አነሣው። «እሺ ቲቸር፤» አለ። ቤት ውስጥ ቲቸር ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። የቀሩትን መጽሐፎች ሸፍነን ጨረስን። ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ።

በመሃል አንድ ሰኞ ነበረ። ሰኞ ዕለት ክፍል ገብቼ አስተምሬያለሁ። ዳኪ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር። እጄን ሥዕሉ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነበር የቀረኝ። አላሳረፍኩም።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር

የከተማው ውሻ ሁሉ የሚጮኸው በዚህ ሰዓት ነው። የሰፈራችን ቆርቆሮ ጣሪያዎች ገና ጤዛ አልለቀቃቸውም። ልጆች የእንጨት ሰሌዳቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ወደ ቁርአን ትምህርታቸው ይሮጣሉ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጠሁ። በዘንቢሌ ውስጥ ውኃ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ቅጠል ሻይ፣ ጠመኔና ነጠላ ጫማ አለ። ስኳሩ ለዳኪ እናት ነው። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ደግሞ ይዤ የምሄደው ወሬ እንዲሁ ባዶ እጅ የሚነገር አይደለም።

ዒዳዬ ያለቀው ሐሙስ ነው። በእኛ ወግ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች። በእነዚያ ወራት አንድ ወጣት መምህር ክፍሌን ተረክቦ ነበር። ጥሩ መምህር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለልጆቹ አይተውት የማያውቁትን ገጽ አደላቸውና አንድ በአንድ አስነሥቶ አስነበባቸው። ዳኪ ተነሣች፤ ምንም አልወጣትም። ልጆቹ የክፍሉ ጎበዝ ስትንተባተብ አይተው ሳቁ። በማግሥቱ አልመጣችም። አክስቷ ጋ ነበር የምታድረው፤ አክስቷም «ወደ እናቷ፣ ወደ ቦሪ ተመልሳለች» አለች።

ይህ ሁሉ የተነገረኝ በሁለተኛው ወር ነው። ዒዳ ቤት ያስቀምጣል እንጂ አፍ አይዘጋም። ሰው መላክ እችል ነበር፤ ስልክም ነበረኝ። ግን ልጅቷ ለምን እንዳቃታት ለመናገር ከድር ያለኝን መድገም ነበረብኝ። ለቅሶ ሊደርሱኝ የሚመጡት ሁሉ ሐዘን ያደከመኝ መስሏቸው «አይዞሽ» ይሉኝ ነበር። ሐዘኑ እውነት ነው። ግን ከሐዘኑ ጀርባ ተደብቄም ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ብዕሬ ቶሎ አይሄድልኝም።

አንድ ሰዓት ከሩብ፤ መንገድ ላይ

የሚወስደኝ ጉዮ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በፒክአፑ ዱቄትና የውኃ በርሜል ወደ ቦሪ ይጭናል። ዕድሜው ወደ ስድሳ ይጠጋል፤ ጢሙን በሒና ያቀላል። የከድርን ዕቃ ለዓመታት ያመላለሰው እሱ ስለነበር ናውሊ፣ ማለትም የመሳፈሪያ ዋጋ፣ አልቀበልም አለ። ሁለት መቶ ሺሊንጉን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኩለት፤ መልሶ ዘንቢሌ ውስጥ ከተተው።

«ቲቸር፣ ከድር አንድ ነገር ይል ነበር፤» አለኝ ከአስፋልቱ ወጥተን ቀይ አፈሩ ሲጀምር። «‹የእኔ ሚስት ድንጋይ ታስነብባለች› ይል ነበር።»

«መቼ ነው ያለህ?»

«ሁልጊዜ። የሞተ ሳምንትም ብሎኛል። እኔም ‹ታዲያ እኔ ከድንጋይ አንሳለሁ? ለምን አታስነብበኝም?› አልኩት።» ሳቀ። ጉዮ ፊደል አልቆጠረም።

«የመንገዱን ምልክት በምን ታነባለህ?»

«የመንገዱማ ሥዕል ነው። ግመል ካለ ግመል አለ። ቀስቱ ከታጠፈ ትታጠፊያለሽ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጉዮ ያለቀስኩ መስሎት ፍጥነቱን ቀነሰ። የሞተ ሳምንት ማለት ምናልባት ሰኞ ነው። «ካርቶንህን ደርድር» ካልኩት በኋላ ነው።

ሁለት ሰዓት፤ ሄሉ

ሄሉ ላይ ሻይ ጠጣን። ሁለት መንደዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ሊጥ፣ ሁለት ሻይ በወተት። ባለሻይ ቤቷ ጥቁር ልብሴን አይታ «ፖሌ፣ ማማ»፣ አይዞሽ እናቴ፣ ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ፍየልና በግ የሚነዱ ሰዎች በሁለቱም አቅጣጫ ያልፋሉ። በመሃል አንዱ በግ ሻይ ቤቱ ገብቶ የጉዮን መንደዚ ሸተተ፤ ጉዮ በቦረና ቋንቋ የሰደበውን ስድብ አልጽፈውም።

እዚያ ተቀምጬ ግድግዳዎቹን አየሁ። ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ባለፍኩባቸው ግድግዳዎች ላይ ሁሉ ሥዕል አለ። ፀጉር ቤቱ ላይ መቀስና ፀጉሩን የተቆረጠ ሰው፣ ሥጋ ቤቱ ላይ ቀይ በሬ፣ ጥርስ የሚነቅለው ሰው በር ላይ ትልቅ መንጋጋ፣ ሞባይል የሚጠግነው ጋ ሞባይል። ከጽሑፉ ጋር ጉዳይ ሳይኖረው እዚህ ከተማ ውስጥ ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው አለ። ዳኪም የምታውቀውን ብልሃት ይዛ ነው ክፍሌ የገባችው። የእኔ ሥራ ያ ብልሃት የማይበቃበት ቦታ ላይ ማድረስ ነበር። እኔ ግን እንዲበቃት አደረግኩ።

እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ። ሰባ ልጅና ሃያ መጽሐፍ ሲኖር መምህር አንድ መንገድ ይይዛል። እኔ አነባለሁ፣ እነሱ በአንድ ድምፅ ይከተላሉ። ደግመን፣ ደግመን። ሳምንቱ ሲያልቅ ክፍሉ በሙሉ ገጹን እንደ ዜማ ያወርደዋል። በመስኮት ለሚያልፍ ሰው ደስ ይላል። የእኛ ልጆች ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ቁርአን የሚሸመድዱ ናቸው፤ አንዴ የሰሙት አይጠፋቸውም። ዳኪ የሁሉም ቁንጮ ነበረች።

እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት ከኬላው ወዲያ፣ በኢትዮጵያ በኩል ነው። ሀ ሁን በዜማ ያወጣ ልጅ አንባቢ እንዳልሆነ ያስተማሩኝ ሰው ያውቁ ነበር። አቡጊዳ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ያው ፊደል ቦታ ቦታውን ተለዋውጦ ይመጣል፤ በዜማ የመጣ ልጅ እዚያ ይያዛል። እኔም ተይዤ፣ አልቅሼ፣ ከዚያ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ይህን እያወቅሁ ነው በገዛ ክፍሌ ዜማውን ያጨበጨብኩለት።

አራት ሰዓት፤ ቦሪ

መንገዱ ወደ መጨረሻው መንገድ መሆኑን ይተውና ጎማ የሄደበት አፈር ብቻ ይሆናል። ግራርና ኩይሳ። ጉዮ ዱቄቱን ሊያወርድ ሄደ፣ እኔ ጠይቄ የዳኪን እናት ቤት አገኘሁ። ቱሜ ትባላለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ ሴት ናት። በቦረና ቋንቋ ነው ያወራነው፤ እኔ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ።

«የልጄ መምህርት እርስዎ ነዎት? እዚህ ድረስ?» ምንጣፉን አራግፋ አስቀመጠችኝ። ስለ ከድር የሚባለውን ሁሉ አለችኝ። በጮጮ የረጋ ወተት አቀረበች። ዳኪ ከደጅ ገባች፤ አየችኝ፤ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ቁመቷ ጨምሯል።

«ዳኪ፣ መጽሐፍሽን አምጪ። መምህርትሽ ይስሙሽ፤» አለች እናቷ፤ ከዚያም ለእኔ፣ «እዚህ ያለ ሰው ወረቀት ሲደርሰው የሚያመጣው ለእሷ ነው። እናንተ ጋ ትምህርቱ ምን እንዳስቀየማት አላውቅም። ግን የተማረችው አልጠፋም።»

መጽሐፉን አመጣችው። በቡናማ ወረቀት የተሸፈነ ነው፤ ማዕዘኖቹ በከድር እጅ የታጠፉ። ዳኪ አውራ ጣቷን በምላሷ አርጥባ ገለጠች። እኔ ነኝ እንዲህ የምገልጠው። ኩሬዋ ስለደረቀባት እንቁራሪት የሚተርከውን ጀመረች። ድምፁ የእሷ ነው፤ አወራረዱ የእኔ ነው። የማርፍበት ቦታ ታርፋለች። ገጹ አጋማሽ ላይ በጣቷ አንጓ መጽሐፉን ሁለቴ ኳ፣ ኳ አደረገችው። ክፍል ውስጥ እዚያ ቦታ ላይ፣ የኋለኞቹ እንዲነቁ፣ ጠረጴዛውን የማንኳኳው እኔ ነኝ። እንግዶቹም ፊት አንኳኩታ ይሆናል፤ ያኔ አላስተዋልኩም።

ከዚያ ሁለት ገጽ ባንዴ ገለጠች። ፊቷ ያለው ሥዕል አውቶቡስ ነበር። እሷ ስለ እንቁራሪቷ ቀጠለች።

ቱሜ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማ ነበር። ሲያልቅ ተነሣችና ከቤቱ ጥግ አዲስ ጠርሙስ አመጣች። የእንስሳት መድኃኒት ነው፤ ላዩ ላይ ፍየል ተስሏል።

«መዥገር በዝቶብናል። ባለፈው ወር ከከተማ ያስመጣነው የተበላሸ ነበር። ዳኪ አንብባልን፣ ለሁለት ግልገሎች አጠጣን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞቱ። ሻጩን ገበያ መሃል ሰድቤዋለሁ። ይሄ ከሌላ ሱቅ ነው። ዳኪ፣ ስንት ይጠጡ ይላል?»

ዳኪ ጠርሙሱን ተቀበለች። ሥዕሉን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። የሞያሌ ክፍል ውስጥ፣ ሰባ ልጅ ሲስቅባት እንዲህ አይታ ይሆናል፤ እኔ አልነበርኩም።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ጠርሙሱን ቀለል አድርጌ ተቀብዬ፣ «እስቲ እኔ ልየው» ብዬ፣ አንብቤ፣ ልጅቷንም እኔንም ማዳን ይቻል ነበር። ይህ ሐሳብ መጥቶብኛል፤ አልዋሽም። ከዚያ ዓይኔ መጽሐፉ ማዕዘን ላይ ዐረፈ።

«ቱሜ፣ ዳኪ ማንበብ አትችልም፤» አልኩ። «ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እኔ አላስተማርኳትም። ከእኔ የሰማችውን ሸምድዳ ነው የምትለው። እኔም ትችላለች ብዬ ለእንግዳ አሳየኋት፣ በአክስቷ ስልክ ለአንቺም ነገርኩሽ። ባለቤቴ አስጠንቅቆኝ ነበር። አልሰማሁትም። ከሞተ በኋላ ደግሞ አውቄ ዝም አልኩ።»

ቱሜ ጠርሙሱን ከልጇ እጅ ወስዳ እኔ እጅ ላይ አደረገችው።

«አንብቢው፤» አለችኝ። እርስዎ ማለቷ እዚያ ላይ ቀረ።

አነበብኩ። «በውኃ ተበጥብጦ ቆዳ ላይ ብቻ የሚረጭ ነው። አይጠጣም። ይገድላል ይላል።»

ወጥታ የበፊቱን ባዶ ጠርሙስ ከበረቱ አጥር ላይ አምጥታ ሰጠችኝ። ያው ነው፤ ቃል በቃል።

«ስለዚህ ሻጩ አልበደለኝም።»

«አልበደለሽም።»

«እኔ ገበያ መሃል ነው የሰደብኩት። እናቱን ጨምሬ።» ባዶውን ጠርሙስ ከእጄ ወሰደችና፣ «እሱን ይቅርታ የምትጠይቂው አንቺ ነሽ፤ እኔ እዚያ ሱቅ ደጃፍ አልደርስም።»

«እጠይቃለሁ።»

«ፍየሎቹንስ?»

ዘወር ስል ዳኪ በሩ ላይ የለችም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል

በረቱ ጥላ ሥር አገኘኋት። እሾሁን በእንጨት እየነካካች ተቀምጣለች። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይታጠፍም።

«ቲቸር፣ እኔ ማንበብ እሱ መስሎኝ ነበር፤» አለች፣ ሳታየኝ። «ሁሉም ልጅ እንደዚያ የሚያደርግ መስሎኝ ነበር። አዲሱ መምህር ያንን ገጽ ሲሰጡኝ፣ ገና ያልተነገረንን ነው የሰጡኝ ብዬ አሰብኩ። ሌሎቹ እንዴት እንዳወቁት አልገባኝም።»

ሰባት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሰምቼ የማላውቀው ጠይቄ ስለማላውቅ ነው።

«ግልገሎቹን እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«አይደለሽም። እኔ ነኝ።»

አሰበችበት። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

አፈሩን በመዳፌ አስተካክዬ በጣቴ ስሟን በሁለት ቁራጭ ጻፍኩ፦ ዳ፣ ኪ። «ዳኪ» አለች ወዲያው፤ መልኩን ታውቀዋለች። ደምስሼ ቦታቸውን አለዋወጥኳቸው። ረጅም ጊዜ አየችው። ፍየሎቹ መጥተው ከጀርባችን ቆሙ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ሲቆም፣ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እንድረዳት ስትጠብቅ አፌን ያዝኩ፤ ከባዱ ሥራ ይሄ ነበር።

«ኪ...» አለች። ከዚያ ቆይታ፣ «ዳ። ኪዳ።»

«አዎ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ምንም ማለት አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ጻፉት?»

«ሰምተሽው የማታውቂው እንዲሆን።»

መጀመሪያ ገርሟት አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። ትንሽ ሳቅ ነበር። በያዘችው እንጨት እሷ ሌላ ጻፈች። ምንም ማለት አልነበረም። አነበብኩላት።

ስምንት ሰዓት፤ መመለሻ

ጉዮ ጥሩምባውን ሲነፋ ዘንቢሌን አነሣሁ። ስኳሩን ቱሜ ተቀብላኛለች፤ ቅጠል ሻዩንም። ዳኪን ወደ ትምህርት ቤት እንድትልክልኝ ለመንኳት። በራሴ ቤት አስቀምጣታለሁ፣ አልኩ፤ ቤቱ ባዶ ነው።

«ልጄን አንድ ጊዜ ልኬልሻለሁ፤» አለች። ቁጣ አልነበረበትም፤ ገበያ ላይ የመጨረሻ ዋጋ እንደሚነገር ነው የተናገረችው። «አሁን አንቺ ነይ። ይህን ጠርሙስ ራሷ አንብባ የሰማኋት ቀን ትሄዳለች።»

«እመጣለሁ።»

«ሌሎቹም ልጆች ይቀመጣሉ። እኔም።»

መንገድ ላይ ጉዮ ምን እንደተባባልን አልጠየቀም። ሄሉን ስናልፍ እኔ ነገርኩት፤ ከክብሪቱ ካርቶን ጀምሮ፣ «ካርቶንህን ደርድር» ያልኩትንም ሳልተው። እስካሁን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

«ከድር ይህን አልነገረኝም፤» አለ ጉዮ።

«ሚስቴ ድንጋይ ታስነብባለች ሲልህ ነው የዋለው።»

«ወደ ቦሪ ስትመላለሺ፣» አለ ጉዮ፣ «መኪናው ውስጥ እኔንም ታስተምሪኛለሽ። መንገዱ ረጅም ነው፤ እኔ ደግሞ ድንጋይ ነኝ።»

አሥር ሰዓት ላይ ከተማ ገባን። መድኃኒት ሻጩ ሱቁን ገና አልዘጋም ነበር። ገብቼ ማን እንደሆንኩ ነገርኩት፤ ለምን እንደተሰደበም አስረዳሁት። ሰውየው አዳምጦ ሲያበቃ፣ እናቱን የሰደበችው እኔ ስላልሆንኩ እናቱን በተመለከተ ይቅርታዬን እንደማይቀበል ነገረኝ። የቀረውን ተቀበለ። የከድርን ሱቅ አሁን የሚከፍተው ወንድሙ ነው። በፊቱ ሳልፍ የክብሪቱ ካርቶኖች በነበሩበት ተደርድረዋል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጉዮ ጋር ወደ ቦሪ እሄዳለሁ። በሌሎቹ ቀናት ክፍሌ ውስጥ ልጆቹን አንድ በአንድ እጠራለሁ፣ ሥዕሉን በእጄ እሸፍናለሁ፣ ከዚያ እንዲያነቡ እጠብቃለሁ።